የመነን ግቢና የእኛ ልጃገረዶች



የ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር በየቤታችን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ተፈታኙ ወንድ ልጅ ከሆነ ጥያቄው አጭር ነው፤ «የትኛው ትምህርት ቤት ይግባ?» ይባልና ያልቃል። ተፈታኟ ሴት ልጅ ከሆነች ግን ጥያቄው ጓዙ ብዙ ነው። መንገዱ አይርቅም ወይ? ሂጃቧን ይፈቅዱላታል ወይ? ክፍያውን እንችለዋለን ወይ? ታናናሾቿን ማን ይይዛል? በአንዳንድ ቤትማ ልጅቷ ገና 15 ዓመት ሳይሞላት «ጠያቂ መጥቷል» የሚለው ወሬ ከውጤቱ ወረቀት ቀድሞ ይደርሳል። በዚህ ሁሉ መካከል ልጅቷን ራሷን «አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?» ብሎ የሚጠይቃት ጥቂት ሰው ነው።

በዚህ ጽሑፋችን ይህንን ጥያቄ ከአንድ ግቢ ተነሥተን ልንመለከተው ወደድን። ግቢው በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ፣ ከስድስት ኪሎ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ድረስ በትምህርት ቤቱ ስም «መነን» እየተባለ ይጠራል። በአገራችን የልጃገረዶች ትምህርት ታሪክ ሲነሣ ይህን ግቢ ዘሎ ማለፍ አይቻልም።

ግቢው ከየት ተነሣ?

በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ዳግማዊ ምኒልክ፣ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1908 ነበር። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1925 ተከተለ። ሁለቱም የተከፈቱት ለወንዶች ነበር። ልጃገረዶች የራሳቸውን ትምህርት ቤት ለማግኘት እስከ 1931 እ.ኤ.አ. (1924 ዓ.ም.) መጠበቅ ነበረባቸው። እንግዲህ ከወንድሞቻቸው ከ20 ዓመት በላይ ዘግይተው ነው ደጃፉን የረገጡት ማለት ነው።

ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት እቴጌ መነን አስፋው ነበሩ። በዚያን ጊዜ የአዳሪና የተመላላሽ ተማሪዎችን ባንድነት ይቀበል ነበር። ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛት የመጡ ልጃገረዶች እዚያ እያደሩ ይማሩ ነበር። እቴጌይቱም ግቢውን ደጋግመው ይጎበኙ፣ በምረቃው በዓል ላይም ይገኙ ነበር። ዛሬ «የግል የልጃገረዶች ትምህርት ቤት» ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ነገር፣ ማለትም በአንድ መሥራች በጎ ፈቃድ የቆመ፣ ለሴቶች ብቻ የተለየ፣ አዳሪ ያለው ግቢ፣ በአገራችን መልክ የያዘው በዚህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ለብዙ አንባቢያችን፣ በተለይም ለወሎዬዎቹ፣ አንድ ነገር ማስታወስ ደግ ነው። እቴጌ መነን የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋውና የወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ልጅ ናቸው። የወይዘሮ ስኂን ስም ደሴ ላይ በትምህርት ቤት ስምነት ይታወቃል። የወይዘሮ ስኂን አባት ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1878 ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩት የወሎው መስፍን ናቸው። የጉለሌው ግቢ መሥራች የዘር ሐረግ እንግዲህ በአንድ በኩል ወደ ሙስሊም ቤት ይመዘዛል። ይህንን የምናነሣው ለኩራት አይደለም። «ይህ የሌሎች ታሪክ ነው፤ እኛን አይመለከተንም» የሚል ወገን ቢኖር የአገሩ ታሪክ ምን ያህል የተሳሰረ እንደሆነ እንዲያስብበት ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲደራጅ በኃላፊነት ከመሩት መካከል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ይገኙበታል። ወይዘሮ ስንዱ በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በወረራው ዘመን ወደ ጣሊያን አገር ተግዘው በአሲናራ ደሴት የታሰሩ፣ ከዚያም ተመልሰው ልጃገረዶችን ያስተማሩ ሴት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫ በኢትዮጵያ ፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት ተመራጭ ለመሆን በቁ። ከዚያ ወዲህ 61 ዓመት አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሆነው የተመረጡት ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል ናቸው። ሂጃባቸውን እንደ ለበሱ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉባኤውን መርተዋል። የመጀመሪያዋ በር ከፈተች፤ ኋላ የመጣችው በተከፈተው በር ገባች። አንዲት ልጅ ስትማር የምትማረው ለራሷ ብቻ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ስሙ ጠፍቶ ተመለሰ

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የእቴጌይቱ ስም ተነሥቶ ትምህርት ቤቱ «የካቲት 12» ተባለ። ስያሜው በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስቶች የተጨፈጨፉትን ሰማዕታት ለማስታወስ ነው፤ ሐውልታቸውም እዚያው ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ ቆሟል። ወንዶችም ገብተውበት እንደ ማናቸውም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆኖ ለረጅም ዘመን ኖረ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ግቢውን አድሶ «የእቴጌ መነን የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት» አድርጎታል። የ8ኛ ክፍልን በከፍተኛ ውጤት ያለፉ የከተማዋ ልጃገረዶች ተመርጠው ይገቡበታል፤ እዚያው እያደሩም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ይከታተላሉ። ዛሬ የሚተዳደረው በመንግሥት እንጂ በግል አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ጥሩ የግል የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ለልጅ ሊሰጥ የሚችለውን ለመለካት ከዚህ የተሻለ ሚዛን በአካባቢው አናገኝም።

ፈተናው ምን ያህል ከብዷል?

ነገሩን በቁጥር እንየው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ጀመረ። ኩረጃው ሲዘጋ እውነቱ ተገለጠ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015ም ሆነ በ2016 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ሆነው ተገኝተዋል።

እነዚህን ቁጥሮች እናቶችና አባቶች ረጋ ብለው ሊያስቡባቸው ይገባል። ከ100 ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት 12 ዓመት ደክመው ግማሹን ነጥብ አላገኙም። ልጃችን «ትምህርት ቤት ትሄዳለች» ማለት ብቻውን በቂ ያልሆነበት ዘመን ላይ ደርሰናል። የትኛው ትምህርት ቤት፣ ምን ዓይነት መምህር፣ በቤትስ ስንት ሰዓት ጥናት የሚለው ቁም ነገር ሆኗል።

ፈተናው በስድስት የትምህርት ዓይነቶች ይሰጣል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የአእምሮ ብቃት መለኪያ ፈተና ለሁሉም የጋራ ናቸው። በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል ያለች ልጅ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ትጨምራለች፤ በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል ያለችው ደግሞ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። ምርጫው የሚደረገው 11ኛ ክፍል ሲገባ ነው። መሠረቱ የሚጣለው ግን 9ኛና 10ኛ ክፍል ላይ ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ሒሳብና እንግሊዝኛ ያመለጣት ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ ማስጠኚያ ቢቀጠርላትም የጎደለውን መሙላት ያዳግታታል።

ለብቻ መማር ወይስ አብሮ?

ብዙ ቤተሰቦች የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የሚመርጡት ልጃቸው ተረጋግታ እንድትማር ብለው ነው። በዚህ ረገድ በከተማችን የቆየ ልማድ አለ። የካቶሊካውያኑ ናዝሬት ትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ለብቻ በማስተማር ስም ያተረፈ የግል ትምህርት ቤት ነው፤ ከልዩ ልዩ እምነት የመጡ ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን ይልኩበታል።

ታዲያ መለየቱ ራሱ ውጤት ያሻሽላል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ከ21 አገሮች የተሰበሰቡ 184 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ ነበር። በጠቅላላው 1.6 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎችን የሚመለከት ነው። በጥንቃቄ የተሠሩት ጥናቶች ብቻ ተለይተው ሲታዩ በተለዩና አብረው በተማሩ ልጆች መካከል የተገኘው የውጤት ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አልሆነም።

ይህ ማለት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ግንቡና የበሩ ጽሑፍ ብቻውን ልጅ አያስተምርም ማለት ነው። እንደ መነን ያለ ግቢ ለልጃገረድ የሚሰጣት ትልቁ ነገር ጊዜ ነው። በአዳሪ ትምህርት ቤት ያለች ልጅ ከሰዓት በኋላ ውኃ አትቀዳም፣ እንጀራ አትጋግርም፣ ሕፃን አታዝልም፣ እንግዳ ሲመጣ ደብተሯን ከድና ቡና ልታፈላ አትነሣም። በየምሽቱ ያሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት የእርሷ ናቸው። ወንድሟ በቤቱ ሳይጠይቅ የሚያገኘውን ጊዜ እርሷ የምታገኘው ከቤት ስትወጣ ነው። ሁለተኛው ነገር የሚጠይቃት ሰው መኖሩ ነው። የቤት ሥራዋን የሚያይ፣ ስትደክም «ምን ሆንሽ?» የሚል መምህር አለ። ሦስተኛው ንጹሕ መጸዳጃ ቤትና ውኃ ነው። የወር አበባ በመጣ ቁጥር ከክፍል የምትቀር ልጅ በዓመት ስንት ቀን እንደሚያመልጣት እናቶች ያውቁታል፤ ብዙ ጊዜ ግን ለአባቶች አይነገርም።

ከእነዚህ ከሦስቱ የመጀመሪያውን፣ ማለትም ጊዜን፣ ማንኛውም ቤተሰብ ያለ ምንም ክፍያ በገዛ ቤቱ ሊሰጥ ይችላል። ለዚህ ጉዳይ ዝቅ ብለን እንመለስበታለን።

ሂጃብና ሕጉ

የሙስሊም ልጃገረድ ቤተሰብ አንድ ተጨማሪ ጭንቀት አለበት። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ሂጃብ ለብሰው ክፍል እንዳይገቡ የተከለከሉ የሁለተኛ ደረጃ ልጃገረዶች ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ አገር ሰምቶታል። ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚመዘገቡበት ጊዜ እንዳያልፋቸው ሲጨነቁ ከርመዋል። አንዲት ልጅ 12 ዓመት ተምራ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ከፈተናዋና ከሂጃቧ አንዱን ምረጪ መባሏ ምንኛ ከባድ እንደሆነ ለአንባቢያችን መንገር አያሻም።

እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖትን ነፃነት ያረጋግጣል። በዚሁ አንቀጽ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግና ሃይማኖታዊና ሥነ ምግባራዊ ትምህርት የመስጠት መብት እንዳላቸው ተደንግጓል። በሌላ በኩል አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። ሁለቱ እርስ በርስ አይጣሉም። መምህሩ በክፍል ውስጥ የማንንም እምነት አይሰብክም፤ ልጅቷም እምነቷን በር ላይ አውልቃ አትገባም።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፤ ጥያቄውን አስቀድመን፣ በምዝገባ ጊዜ፣ በትሕትናና በግልጽ እንጠይቅ። የደንብ ልብሱ ከሂጃብ ጋር እንዴት ይስማማል? የሻሹ ቀለም ተወስኗል ወይ? አዳሪ ከሆነች በረመዷን የሱሑርና የኢፍጣር ሰዓት እንዴት ይያዛል? ሶላቷን የምትሰግድበት የእረፍት ጊዜ ይገጥማታል ወይ? በመስከረም የተጠየቀ ጥያቄ በግንቦት ከሚነሣ ጠብ ያድናል።

ሴትን ማስተማር በዲናችን

«ሴት ልጅ ፊደል ከቆጠረች ይበቃታል» የሚሉ ወገኖች ይህንን ከዲን እንዳገኙት አድርገው ሲያወሩ እንሰማለን። እስቲ ታሪኩን እንይ። ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመጀመሪያ የወረደው ትእዛዝ የማንበብ ትእዛዝ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከ2,000 በላይ ሐዲሦችን ያስተላለፉ፣ ታላላቅ ሶሓቦች ሳይቀሩ እየመጡ የሚጠይቋቸው ዐዋቂ ነበሩ። ሺፋእ ቢንት ዐብዲላህ (ረ.ዐ) መጻፍ የሚችሉ ሴት ነበሩ፤ ሐፍሷንም (ረ.ዐ) ጽሕፈት አስተምረዋል።

ለእኛ ለሐበሾች ደግሞ አንድ የበለጠ ቅርብ ምሳሌ አለን። ሶሓቦች እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ እናታችን ኡሙ ሰላማ (ረ.ዐ) አብረው ነበሩ። ጀዕፈር ቢን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት የተናገሩት ንግግር፣ የንጉሡም መልስ፣ በስፋት የደረሰን በእርሳቸው ዘገባ ነው። እስቲ እናስብ፤ ያቺ አስተዋይ ሴት ያየችውንና የሰማችውን አጥብቃ ይዛ ባታስተላልፍልን ኖሮ አገራችን የምትኮራበት ያ ታሪክ ምን ያህል ይጎድል ነበር!

ከጉለሌ የሚታዩ በሮች

ጉለሌ ብዙ ገጽታ አለው። ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማኔው ጥበብ ይሠራል፤ ቀጨኔ ላይ ሸክላ ሠሪዋ ጀበናና ምጣድ ታወጣለች። ከእንጦጦ ጫካ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ሸክማቸው ከራሳቸው አይተናነስም። እነዚህ እናቶች ልጆቻቸው ያንን ሸክም እንዳይወርሱ የሚመኙበት ትምህርት ከዚያው ከመንገዳቸው ዳር ነው ያለው።

አንዲት የጉለሌ ልጅ ከቤቷ ሳትርቅ ምን ምን በሮች እንዳሉላት እንቁጠር። አንደኛ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ እዚያው ስድስት ኪሎ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ ዝግጅቱ ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። ሁለተኛ፣ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በዚሁ በጉለሌ ሐኪሞችን ያሠለጥናል። ሴት ሐኪም የሚፈልጉ እናቶቻችን ስንት ናቸው? ሴት ሐኪም የምትገኘው ደግሞ ከተማረች ልጅ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ሰፈሩ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው ግቢ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ በላቦራቶሪ ሙያ ለሚሳቡ ልጆች ዓይን የሚከፍት ቦታ ነው። አራተኛ፣ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሲወጣ የሕዋ ሳይንስ መመልከቻ ጣቢያው ይገኛል፤ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። የሶላት ወቅትንና የጨረቃን መውጣት ሲያሰሉ የኖሩ ዑለማዎች ልጆች ለሥነ ፈለክ እንግዳ ሊሆኑ አይገባም። አምስተኛ፣ የቀድሞው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ዛሬ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ሆኖ ሙያ ያስተምራል። ዩኒቨርሲቲ ያልገባች ልጅ መንገዷ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ እጇ የሠለጠነ ሴት ቤቷንም አገሯንም ትጠቅማለች።

ወላጆች ምን ያድርጉ?

በመነን የምትገባው ልጅ ከብዙዎች የተመረጠች ናት። የአብዛኞቻችን ልጆች አይገቡም። የግል ትምህርት ቤት ክፍያም ለሁሉም አይቻልም። ታዲያ ለቀሩት ምን እናድርግ? የሚከተሉትን ነጥቦች አንባቢያን ከቤተሰባቸው ጋር ቢወያዩባቸው እንወዳለን።

1ኛ. የግል ትምህርት ቤት ከመምረጣችን በፊት ፈቃዱን እንጠይቅ። ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ። በበሩ ላይ ካለው ቀለምና ከአውቶቡሱ ይልቅ ደረጃውን፣ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን፣ የቤተ ሙከራውንና የቤተ መጻሕፍቱን ሁኔታ እንይ። መጸዳጃ ቤቱንም እናቶች ገብተው ይመልከቱት።

2ኛ. በቤታችን የልጅቷን የጥናት ሰዓት እንወስን። ከመግሪብ በኋላ እስከ ዒሻ፣ ከዒሻ በኋላም አንድ ሰዓት ቢሆን ይበቃል። በዚያ ሰዓት ማንም አይላካት፤ እንግዳም ቢመጣ ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላው። የቤት ሥራ ለወንዱም ለሴቷም ይከፋፈል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ሥራ ያግዙ እንደነበር ለወንድ ልጆቻችን እንንገራቸው።

3ኛ. የቁርኣን ትምህርቷና የቀለም ትምህርቷ እንዳይጋጩ ከኡስታዟ ጋር እንነጋገር። በፈተና ሰሞን ሰዓቱን ቀለል፣ በክረምት ጠንከር ማድረግ ይቻላል። አንዱን ለመያዝ ሌላውን ማስጣል ልጅቷን ከሁለቱም ያጎድላታል።

4ኛ. «ጠያቂ መጥቷል» ሲባል አንቸኩል። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። የተማረች ልጅ ትዳር አያመልጣትም፤ ያመለጣትን ትምህርት ግን ከሦስት ልጅ በኋላ መልሶ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

5ኛ. በጀመዓችን ያሉ የተማሩ እህቶች ቅዳሜና እሑድ ሒሳብና እንግሊዝኛ ቢያስጠኑ፣ በየሰፈሩ አንድ የንባብ ክፍል ቢከፈት፣ ክፍያ ያቃታቸውን ሁለት ሦስት ልጆች የሚደግፍ ዕቁብ መሰል መዋጮ ቢቋቋም፣ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ጊዜና እገዛ በከፊልም ቢሆን ለሰፈሩ ልጆች ማድረስ ይቻላል።

እናንተም ወጣት እህቶቻችን፣ ውጤታችሁ ከመነን ደጃፍ ባያደርሳችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ያ ግቢ ራሱ አንድ ጊዜ ስሙን አጥቶ ኋላ መልሶ ያገኘ ግቢ ነው። እናንተ ያላችሁበት ክፍል ጠባብ፣ መብራቱም የሚጠፋ ሊሆን ይችላል። የምታነቡት የመማሪያ መጽሐፍ ግን አንድ ነው፤ የምትፈተኑትም ያንኑ ፈተና ነው። ጊዜያችሁን ጠይቁ፤ ሲሰጣችሁም አታባክኑት።

ወላጆችም ውጤት እስኪወጣ አትጠብቁ። ልጃችሁ 7ኛ ክፍል ላይ ከሆነች ዛሬ ማታ ደብተሯን አምጡልኝ በሏት። ማንበብ የማትችሉ ብትሆኑ እንኳ አጠገቧ ቁጭ በሉና ታንብብላችሁ። አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀትንና መልካም ሥራን ይወፍቃቸው። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።